ከባንኮኒው ጀርባ ያለ አማና



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ብዙ ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚሄደው ጤና ጣቢያ ሳይሆን መድኃኒት ቤት ነው። ካርድ ማውጣት የለም፣ ወረፋ የለም፣ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ይገኛል። ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ጋዋን ለብሶ የቆመውን ልጅ እናቶቻችን «ዶክተር» ይሉታል። የሳል ሽሮፕ ከገዙ በኋላም «ለመሆኑ ይኼ ለሕፃናት የሚሰጠው ክትባት ደግ ነው እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል።

ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስለሚመጣው መልስ ነው። ፋርማሲስቱ «አዎ እናቴ፣ ቀኑን እንዳያሳልፉት» ካለ ሕፃኑ ይከተባል። ትከሻውን ነቅንቆ «እኔ እንጃ፣ ብዙ ነገር ይባላል» ካለ ግን እናቲቱ ይዛ የምትሄደው «አይጠቅምም» የሚለውን ነው። እሱ ምንም ያልተናገረ ይመስለዋል፤ እሷ ግን ሰምታለች።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ከጀመዓችን ፋርማሲ፣ ነርሲንግና ሕክምና የሚማሩ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ነገ በእነዚሁ ከተሞች ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

ጥርጣሬው ከባዶ እንዳልመጣ እናውቃለን። በአገራችን የኮቪድ-19 ክትባት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። ስድስት ቀን ቀደም ብሎ 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ዶዝ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያው ነው። ዘመቻው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ዴንማርክ ያንኑ ክትባት በደም መርጋት ስጋት አገደችው፤ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተከተሏት። ክንዱን እንዲዘረጋ የተጠየቀው ባለሙያ በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ ይህን ዜና እያነበበ ነበር። መጠራጠሩ አያስወቅሰውም።

የሚያስወቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በሳምንቱ መርምሮ ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ ቆየት ብሎም እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰተውን የደም መርጋት በጎንዮሽ ጉዳትነት መዘገበው። የእገዳው ወሬ በየሻይ ቤቱ ሲደርስ የምርመራው ውጤት ግን አልደረሰም። ማድረስ የነበረበት ማን ነው? የመድኃኒትን ጥቅምና ጉዳት መመዘን ሙያው የሆነው ሰው ነው። ፓራሲታሞልም የጎንዮሽ ጉዳት አለው፤ ፋርማሲስቱ ግን መጠኑን አስረድቶ ይሸጠዋል እንጂ «ብዙ ነገር ይባላል» አይልም። ለክትባት ሲሆን ይህ ሚዛን ለምን ይጠፋል?

በዞናችን የሆነውን እናስታውስ። በየካቲት 2012 ዓ.ም፣ አገሩ ሁሉ ስለ ኮሮና ሲያወራ፣ በእኖር ኤነር ወረዳ ቢጫ ወባ ተነሣ። መጀመሪያ ሪፖርት የተደረጉት ሦስቱ ሕሙማን የአንድ ቤት ሰዎች ነበሩ፤ አባት፣ እናትና ልጅ። በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተጠርጣሪዎቹ ከ80 በለጡ። ለቢጫ ወባ ቫይረስ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ በየትኛውም መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አይገኝም። ያለው በአንድ ዶዝ ዕድሜ ልክ የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው። ለወረርሽኙም መልስ የሆነው የክትባት ዘመቻ ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ለዘመዶቹ «አትከተቡ» ቢል ኖሮ በምትኩ ምን ሊሰጣቸው ይችል ነበር?

የባለሙያ ቃል ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት ደግሞ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፋይዘር የተባለው ኩባንያ በካኖ ከተማ በማጅራት ገትር በታመሙ ሕፃናት ላይ አዲስ መድኃኒት ሞክሮ ብዙ ክስ አስነሥቶ ነበር። ያ ቁስል ሳይሽር በ2003 የፖሊዮ ክትባት መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬውን ካበረቱት መካከል ሐኪሞች ነበሩበት፤ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ሳይንስ ፋኩልቲ ኃላፊም ክትባቱ ውስጥ ባዕድ ነገር አገኘሁ ብለው ተናገሩ። የካኖ ግዛት ክትባቱን ለወራት አቆመ። የቀጠለው በ2004 ከሙስሊም አገር፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ክትባት ከመጣለት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ቫይረሱ ድንበር አልጠበቀም። ከናይጄሪያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል አልፎ፣ ለዓመታት ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም እንደገና ሕፃናት ሽባ ሆኑባት። ካኖና ትግራይ ምን ያገናኛቸዋል? ያልተከተበ ሕፃን አገናኛቸው። ከካኖ የምንማረው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ የሕዝብን አደራ የበላ ኩባንያ እምነትን ይገድላል፤ ያንን ቁጣ ያለ ማስረጃ ወደ ክትባት ያዞረ ባለሙያ ግን ሕፃናትን ይጎዳል።

ወደ ዲናችን ስንመጣ በየዶርሙ የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው «ሃራም ነገር አለበት» የሚለው ነው። አንዳንድ ክትባቶች ከአሳማ የተገኘ ጀላቲን በማረጋጊያነት እንደሚገባባቸው እውነት ነው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ተሰጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ ዑለማኦችና የሕክምና ሰዎች ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ ነገር ብይኑም ይለወጣል በሚለው የኢስቲሃላ መርሕ ተመልክተውታል። የኢንዶኔዥያ ዑለማኦች ምክር ቤት ደግሞ በ2018 ስለ ኩፍኝና ሩቤላ ክትባት ሲጠየቅ ጠንከር ያለ መንገድ ይዞ፣ ነገሩ በራሱ ሃራም ቢሆንም ምትክ እስኪገኝ በደሩራ ተፈቅዷል አለ። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም ሕፃኑ ሳይከተብ ይቅር አላሉም።

ሁለተኛው «ጾም ያስፈታል ወይ?» ነው። በ2013 ዓ.ም ረመዳን የገባው ክትባቱ በተጀመረ በወሩ ስለነበር ጥያቄው በሁሉም አገር ተነሥቷል። የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ በጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ምግብም መጠጥም ስላልሆነ ጾም አያስፈታም ብለዋል።

ሦስተኛው ተወኩል ነው። «የአላህ ቀደር ካለ መርፌው ምን ያደርጋል?» የሚል አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ልልቀቀውና ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስረህ ተመካ ማለታቸውን ሁላችንም በደርስ ተምረነዋል። ሰበብ ማድረስ የተወኩል ክፍል ነው እንጂ ተቃራኒው አይደለም። ደግሞስ የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስድ ሐጅ የሚሄድ አለ? እ.ኤ.አ. በ1987 ሐጅ ላይ የተነሣው ማጅራት ገትር ከሑጃጅ ጋር ወደየአገሩ ተመልሶ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት በአገራችንም ከባድ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። ወላጆቻችን ለሐጅ ሲሄዱ ክንዳቸውን ሳያንገራግሩ ይሰጣሉ። ለመካ የተፈቀደው ለቡታጅራ ሕፃን የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

«ክትባት እኛ አንሸጥም፤ የጤና ጣቢያ ሥራ ነው» የሚሉ ፋርማሲስቶች አሉ። የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መሰጠቱ ልክ ነው። ነገር ግን ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለምን እንደሚቀመጥ፣ በብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ሲለውጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚሰጥ ከፋርማሲስት የተሻለ ማን ያስረዳል? ባይሸጠውም ያውቀዋል። ዕውቀት ደግሞ አማና ነው፤ የተጠየቀውን ዕውቀት የደበቀ ሰው እንደሚጠየቅበት እናውቃለን።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። የጤና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለፈተና ያጠናችሁትን የክትባት ምዕራፍ ለእናቶቻችሁ በሚገባ አማርኛ፣ በጉራጊኛ፣ በስልጥኛ፣ በቀቤንኛ ማስረዳት ተለማመዱ። ጥርጣሬ ካለባችሁ ከመምህራን ጋር ተከራከሩና እልባት ስጡት፤ ወደ ባንኮኒው ይዛችሁት አትሂዱ። የማታውቁትን ስትጠየቁ «ጠይቄ ልንገርዎት» በሉ፤ «ብዙ ነገር ይባላል» አትበሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ለዐረፋ ወደ አገር ቤት ስንገባ፣ ቤተ ዘመድ ሁሉ በአንድ ገበታ ሲሰበሰብ፣ የታናናሾቻችንን የክትባት ካርድ አምጡ ብለን እንይ። እህቶችም በ2011 ዓ.ም ስለተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ለታናሽ እህቶቻቸው እነሱ ካልነገሯቸው ማን በግልጽ ይነግራቸዋል? ጀመዓችንም አንድ ኡስታዝና አንድ የጤና መምህር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚመልሱበት መድረክ ቢያዘጋጅ፣ ግማሹ ጥያቄ ከዲን፣ ግማሹ ከሕክምና ነውና፣ ሁለቱም በአንድ ቀን መልስ ያገኛሉ።

አንድን ነፍስ ያዳነ ሰው የሰውን ልጅ ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር ከቁርኣን ተምረናል። ይህ ምንዳ ቀዶ ሕክምና ለሚሠራው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሽሮፑን እየጠቀለለ «እናቴ፣ ያስከትቡት» የሚለውም ድርሻ አለው። አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ያወቅነውንም በአማና የምናደርስ ያድርገን። አሚን።