የሁለት ቀን ባልና ወደ ጥልቅ የሚወርደው ክር

የዛሬው ጽሑፋችን በተለይ በገላፊ መስመር ትዳራቸውን ለሚመሩ ጥንዶች ነው። ገላፊን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከሰመራ ተነስታችሁ በሰርዶና በዲቾቶ አድርጋችሁ ወደ ጅቡቲ ስትወጡ የምታገኟት የጠረፍ ከተማ ናት። ከባድ መኪናው ተሰልፎ ወረቀቱን የሚጠብቅባት፣ በቀትር የመኪናውን በር በባዶ እጅ መንካት የሚያስቸግርባት ቦታ ናት። ታዲያ ለገላፊ ሰው ስለ ዓሣ ማጥመድ መጻፍ ምን የሚሉት ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ሾፌሩ በመንገዱ ሁሉ ከአዋሽ ጋር ይጎራበታል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት አምባዛና ቆሮሶ እየመገበ ነው የሚያልፈው።

በአሜሪካና በካናዳ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሳልሞንና የሐይቅ ትራውት የሚባሉ ዓሦችን የሚያጠምዱበት አንድ ዘዴ አለ። (ትራውት ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች ተለቅቋል።) ሳልሞኑ ለሚሺጋን ሐይቅ ራሱ እንግዳ ነበር። ላምፕሬይ የተባለው ደም መጣጭ ፍጥረት የሐይቁን ትራውት ሲጨርሰው፣ ትንንሽ ዓሦች ከልክ በላይ ተራቡ፤ እነርሱን እንዲበላ እ.ኤ.አ. በ1966 ሳልሞን ተለቀቀ።

በበጋ የላይኛው ውኃ ሲሞቅ እነዚህ ዓሦች ቀዝቃዛውን ፈልገው ወደ ታች ይወርዳሉ። ተራ ክር በጀልባ ቢጎተት ግን ከላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በውስጡ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ ያለበት፣ ከላይ እንደ ጫማ ማሰሪያ የተጎነጎነ ክር ይጠቀማሉ። ክሩ በየ9 ሜትሩ ቀለሙ ይለወጣል። ሙሉው አሥር ቀለም፣ ማለትም 90 ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋ ዝግ ብላ ስትሄድ አንዱ ቀለም በግምት አንድ ሜትር ተኩል ያወርዳል፤ አምስት ቀለም የለቀቀ ሰው መንጠቆው ሰባት ሜትር አካባቢ እንዳለ ያውቃል። አያየውም፣ ግን ቆጥሯል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መጠቅለያው ላይ መጀመሪያ ተራ ጠንካራ ክር ይጠቀለላል፤ ትልቅ ዓሣ ይዞ ሲሮጥ የሚለቀቀው እርሱ ነው። ከዚያ ባለ እርሳሱ ክር ይከተላል። በመጨረሻው ጫፍ ላይ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሽፋኑ ውስጥ የእርሳሱን ሽቦ ስበው ይቆርጡታል፤ ባዶ የቀረውን ሽፋን ከማይታይ ጥርት ያለ ክር ጋር ይቋጥሩታል። ይህ ጥርት ያለው ክር ብዙ ሜትር መሆን አለበት፤ ዓሣው ባለ ቀለሙን እንዳያይ ነው። መንጠቆውና የሚያብረቀርቀው ማታለያ በስተመጨረሻ ይታሰራሉ።

ሾፌሮች አሁን የምለው በቶሎ ይገባችኋል። ጀልባዋ ስትዞር ክሩ እንደ ተሳቢ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በመዞሪያው ውስጥ በኩል ያለው ክር ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይወርዳል፤ በውጭ በኩል ያለው ስለሚፈጥን ወደ ላይ ይወጣል። ክብደቱ ያው ነው፣ ርዝመቱም ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

እስቲ ከጅቡቲ የተመለሰውን ባል እንመልከት። ቤት የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ይተኛል፣ ጎማ ያስጠግናል፣ ዕቁብ ይከፍላል። በሁለተኛው ቀን ሚስት ሦስት ሳምንት ያጠራቀመችውን የልጆች ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ፣ የአማቷን ሕመም በአንድ ትንፋሽ ታወርድበታለች። እርሱም «አገኝልሻለሁ» ብሎ ቁልፉን ያነሣል። ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም፤ እየሮጡ ነው የተነጋገሩት። ሐዋርያው ጴጥሮስ፣ እርሱም ዓሣ አጥማጅና ባለትዳር የነበረ ሰው፣ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ ይመክራል (1 ጴጥ 3፥7)። ማስተዋል ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በሙሴ ሕግ አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ከዘመቻም ከሥራም ነፃ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ታዝዞለት ነበር (ዘዳ 24፥5)። የዛሬ የመኪና ባለቤት አንድ ዓመት አይሰጥም፤ ግማሽ ቀን ግን ከራሳችን ልንወስድ እንችላለን። የጸሎት ፕሮግራም መሪዎችም ይህን አስቡበት። ሾፌሩ በመጣ ቁጥር ምስክርነት እንዲሰጥ መጥራታችን ሚስቱን ይጎዳል።

በዚህ መስመር ላይ ያለ አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። የኤች አይ ቪ ምርመራ ጥንዶች አብረው ቢያደርጉ እርስ በርስ እንደ መሳደብ አይቆጠር። በውኃ ዳር ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ማንሳት፣ በር ላይ ቁልፍ ይዞ ከማንሳት ይቀላል።

ወደ ክሩ ልመለስ። ጀልባና ባለ ቀለም ክር አያስፈልጋችሁም፤ አምባዛ ከታች ጭቃው ላይ በሽታና በጢሙ የሚፈልግ ዓሣ ስለሆነ፣ ክብደት ያለው የእጅ ክር ይበቃል። ክብደቱን ግን እርሳስ አታድርጉት። ይህን አጥብቄ የምለው ያረጀ የመኪና ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን በከሰል ምድጃ ላይ ማቅለጥ ቀላል መስሎ ስለሚታይ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ትነቱና አቧራው ግን ከዕቃው፣ ከመሬቱና ከልብሱ ላይ ይቀራል። ሕፃናት የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ፤ በእርጉዝ እናት በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው፤ የማይጎዳ የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። የገዛችሁትን ትንሽ እርሳስ በጥርስ ነክሳችሁ ክሩ ላይ አታጣብቁ፤ ከነካችሁም ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

ጋራዥ የወደቀ የብረት ዳዶ ሥራውን ይሠራል። ዳዶውን ከዋናው ክር በሚሳሳ፣ በቀላሉ በሚበጠስ ክር እሰሩት፤ ድንጋይ ውስጥ ቢሰነቀር ዳዶው ይቀራል እንጂ ዓሣው አይጠፋም። መንጠቆው ከዳዶው ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ይሁን፤ ጉበት ወይም ሥጋ አድርጉበት። አዋሽ አዞ አለበት፤ ውኃው ውስጥ አትቁሙ፣ ልጆችን ከዳር አርቁ፣ ሳይመሽም ተመለሱ። የአካባቢውን የአፋር ሽማግሌዎች ሳትጠይቁ አትቀመጡ፤ የት ደህና እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ክሩን ቤት እያላችሁ ምልክት አድርጉበት። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጫፉን ይዞ ይቆማል፣ ሌላው በየአምስት እርምጃው እየቆመ በጥፍር ቀለም ይቀባል፤ መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ከዚያ ቤት ያለው ሌላ ቀለም። ልጆቹ ይቁጠሩ። መንጠቆው ግን ቀለሙ እስኪደርቅ አይታሰር።