መቶ በመቶው ውስጥ ያልነበርነው

"ኢትዮጵያ ውስጥ የሚመራው ብሮውዘር የትኛው ነው?" የሚለው ክርክር በየቴክኖሎጂ ግሩፑ በየጊዜው ይነሳል። አንዱ የስታትካውንተርን ግራፍ ይለጥፋል፤ ሌላው ለክሮም፣ ሌላው ለኦፔራ ይሟገታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያ ግራፍ የቆጠረው ማንን ነው?

አሠራሩ ቀላል ነው። የስታትካውንተር መቁጠሪያ ኮድ በተገጠመላቸው ድረ ገጾች ላይ ገጽ በተከፈተ ቁጥር የብሮውዘሩ ስም ይመዘገባል፤ አገሩ ከአይፒ አድራሻው ይገመታል። የሚቆጠረው የተከፈተ ገጽ ነው እንጂ ሰው አይደለም። የቢሮ ዋይፋይ ላይ የሚውል ሰው በቀን መቶ ጊዜ ሊቆጠር ይችላል፤ በትንሽ ጥቅል ሳምንቱን የሚገፋ ተማሪ አምስቴ ብቻ። ቴሌግራም ላይ ሲያነብ የሚያመሽ ሰው አንዲት ሊንክ ካልነካ ጭራሽ የለም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲገደቡ ደግሞ ስንቱ ቪፒኤን ጫነ፤ እዚሁ ቁጭ ብሎ ለቆጣሪው የኔዘርላንድ ወይም የአሜሪካ ሰው ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ያለው "ድርሻ" በሚለው ቃል ውስጥ ነው። አሥር ሰዎች አሉ እንበል፤ ስድስቱ ክሮም፣ አራቱ ኦፔራ ሚኒ ይጠቀማሉ። የአራቱ መስመር ቢቋረጥ በማግስቱ ክሮም መቶ በመቶ ይሆናል። ክሮም አላደገም፤ ሰው ነው የጠፋው። ግራፉ ግን የሚያሳየው እድገት ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስልክ በመሃል ለጥቂት ወራት ተመልሶ በሰኔ 2013 መጨረሻ እንደገና ጠፋ። አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ መመለስ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት መቐለ ያለ ሰው በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ማውጣት ተቸገረ፤ ውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ አጣ። ስልኩ ሲከፈት ደግሞ ስንቱ ቤት መርዶ ገባ። የኢትዮጵያ የብሮውዘር ድርሻ ግን በየወሩ ሲደመር መቶ ነበር። ክፍተት የሚባል ነገር አይታይበትም።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2011 ዓ.ም. ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። እውነት ነው፣ አይጠጣም። ባንኩ፣ ምዝገባውና የቤተሰብ ወሬው ሁሉ በእሱ ካለፈ በኋላ ግን መዝጋቱ ምን እንደሚያስከትል መቐለ ታውቀዋለች።

"ስታትካውንተር ምን ያድርግ? ሥራው ብሮውዘር መቁጠር ነው" የሚል ካለ ልክ ነው። የገጽ ቁጥር መሆኑን ድርጅቱ ራሱ አልደበቀም። ጥፋቱ የገጽ ቁጥርን የአገር መልክ አድርገን የምናነብ የእኛ ነው። ዲጂታል ኢትዮጵያ እያልን በአገር አቀፍ ድምር ብቻ ስንፎክር የምንሠራውም ይህንኑ ስህተት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ የቴሌኮም ድርጅቶቻችን የደንበኛን ብዛት በሚሊዮን ሲነግሩን በክልል ለይተው፣ አገልግሎቱ የተቋረጠበትን ቀን ጨምረው ይንገሩን። ሁለተኛ፣ እዚህ ከተማ ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ የአገሩን ግራፍ አይታችሁ "ሁሉም ክሮም ነው" አትበሉ። የራሳችሁን ሰርቨር መዝገብ እዩ። የምዝገባ ቅጻችሁን በርካሽ ስልክ፣ በኦፔራ ሚኒ ከፍታችሁ ሞክሩት። ኦፔራ ሚኒ ገጹን ጨምቆ ዳታ ይቆጥባል፤ ከባድ ጃቫስክሪፕት ያለበት ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራበትም። ቅጹ እምቢ ያለው ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ በመዝገባችሁም አታገኙትም።

ቀጣዩን ግራፍ ስትለጥፉ ከመቶው ጎን ይህችን ጥያቄ ጨምሩ፦ ሳይቆጠር የቀረው ስንት ነው?