የመናፈሻው መንገድ የማን ነው?

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ቶሮንቶ ከ2020 ጀምሮ ሲያነታርክ የቆየ አንድ ጉዳይ አለ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸውም ሃይ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ ውስጥ መኪና ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚል ነው። “አገር ቤት ስንት ጉድ እያለ ስለ መናፈሻ ይወራል?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን የሕዝብ በሆነ መሬት ላይ ማን ይወስናል? ከመወሰኑስ በፊት ማን ይጠየቃል? ብዙዎቻችንን ከአገር ያስወጣን እኮ ይኸው ጥያቄ ነው።

ሃይ ፓርክን በ1873 ለከተማዋ ያስረከበው ጆን ሃዋርድ የተባለ አርኪቴክት ነበር። በምላሹ ዓመታዊ ጡረታ ተቆረጠለት፤ መሬቱም ለዘለዓለም የሕዝብ መዝናኛ ሆኖ እንዲቆይ ውል አስገባ። ዛሬ ስፋቱ 161 ሄክታር ያህል ነው። በየፀደዩ ሰው የሚጋፋባቸው የቼሪ ዛፎች ደግሞ የስደተኛ ታሪክ አላቸው። በ1959 የቶክዮ ሕዝብ በስጦታ የላካቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶሮንቶ ከቀያቸው የተፈናቀሉ ጃፓናዊ ካናዳውያንን ስለተቀበለች ነው። ይህን ሳያውቅ ፎቶ ተነስቶ የሚመለስ ወገን ስንት ነው!

መናፈሻው በሰሜን ብሎር፣ በደቡብ ኩዊንስዌይ፣ በምሥራቅ ፓርክሳይድ የተባሉት ጎዳናዎች ያዋስኑታል። መንገድ ሲጨናነቅ በመናፈሻው ሾልኮ መውጣት የሚያምረው ሾፌር ብዙ ነው። እንግዲህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፦ ወደ መናፈሻው የሚመጣ መኪናና በመናፈሻው የሚያልፍ መኪና አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እናቱን ወይም ልጆቹን ይዞ መጥቶ ይቆማል። ሁለተኛው ዛፉንም ሰዉንም አያይም፤ የሚያየው ሰዓቱን ነው። ሁለተኛውን ለማስቀረት መናፈሻውን በሙሉ መዝጋት ግድ አይደለም። መንገዱን መሃል ላይ መቁረጥ ይበቃል፤ ከየትኛውም በር ገብቶ ማቆም ይቻላል፣ በሌላው በር መውጣት ግን አይቻልም።

“ታዲያ መኪናው የት ይሄዳል? የጎረቤትን ሰፈር ያጨናንቃል” የሚለው ክርክር ተገቢ ነው። ሆኖም በ2002 የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ከ11 አገሮች የተሰበሰቡ 70 ያህል አጋጣሚዎችን መርምሮ፣ መንገድ ሲጠብ ከትራፊኩ የተወሰነው ወደ ሌላ መንገድ ሳይዛወር እንደሚጠፋ አሳይቷል። ሰው ሰዓቱን ይለውጣል፣ ባቡር ይይዛል፣ ወይም ጉዞውን ይተወዋል። ኒውዮርክም የሴንትራል ፓርክን የውስጥ መንገዶች በ1966 በእረፍት ቀናት መዝጋት ጀምራ፣ ለመኪና ጨርሳ የዘጋቻቸው በሰኔ 2018 ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ፈጀባት ማለት ነው።

ቶሮንቶ በወረርሽኙ ጊዜ ሃይ ፓርክን በቅዳሜና እሁድ ለመኪና ዘጋችው፤ ከወረርሽኙም በኋላ ቀጠለችበት። በክርክሩ ጎልቶ የተሰማው የአዛውንትና የአካል ጉዳተኞች ድምፅ ነበር። እውነት አላቸው። ከሃይ ፓርክ የሰብዌይ ጣቢያ ተነስቶ እስከ ኩሬው ዳርቻ መውረድ ጉልበት ለከዳው ሰው ቀላል አይደለም። መናፈሻ ዘግቶ ለእነሱ ማመላለሻ አለማዘጋጀት፣ በሩን ለጎረምሳ ብቻ መክፈት ነው። ብስክሌተኛውም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ በ2022 ክረምት ፖሊስ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያለፉትን ብስክሌተኞች ሲቀጣ ከተማው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር።

ከከተማዋ ምሥራቅ ያለውን ክሬሰንት ታውንን እንውሰድ። የማሲ ቤተሰብ እርሻ በነበረው ቦታ ላይ የተሠራው ይህ የፎቆች መንደር ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትቶታል። መኪናው ከታች፣ እግረኛው ከላይ በኮንክሪት ድልድይ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ይሄዳል። የዘመኑ መሐንዲሶች ትልቅ ብልሃት አድርገው አይተውት ነበር። እኔ ግን ሰውን ሰገነት ላይ ሰቅሎ መሬቱን ለመኪና መስጠት ሆኖ ይታየኛል። የመንደሩ ሕዝብ ከአፈርና ከሣር የሚገናኘው አጠገቡ ባለው የቴይለር ክሪክ ሸለቆ ነው። እዚያ ሰው ከመኪና ርቆ በእግሩ መንሸራሸር ይችላል። ሃይ ፓርክ ላይ የሚጠየቀውም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም። ሁለቱን ጣቢያዎች ደግሞ አንድ መስመር ያገናኛቸዋል፤ ሁለቱም በግንቦት 1968 አብረው ተከፈቱ። የክሬሰንት ታውን ነዋሪ ባቡር ሳይቀይር ሃይ ፓርክ ይደርሳል።

ካናዳ ገነት ነች ማለቴ አይደለም። የኦንታሪዮ መንግሥት በኅዳር 2024 ባወጣው ሕግ የብሎርን ጨምሮ የቶሮንቶን የብስክሌት መስመሮች ለማንሳት ተነሳ። በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ አገደው፤ መንግሥትም ይግባኝ ጠየቀ። በፓርክሳይድ ጎዳና የተተከለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ በሌሊት እየተቆረጠ በተደጋጋሚ ተጣለ፤ በኅዳር 2025 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ እንዲህ ያሉ ካሜራዎችን በሕግ ከለከለ። ጉልበተኛ እዚህም አለ። ልዩነቱ ጉልበተኛውን የሚከስሰው ሰው መኖሩ ነው።

አዲስ አበባ በታኅሣሥ 2018 “መንገድ ለሰው” ተብሎ በወር አንድ ቀን ጎዳና ለእግረኛ ሲለቀቅ ያልተደሰተ አልነበረም። ከ2024 ወዲህ በኮሪደር ልማት ስም የተሠሩትም የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ለዓይን ያምራሉ። ግን ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ነዋሪው ምን ያህል ጊዜ ተሰጠው? ማንስ አስተያየቱን ጠየቀው? አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2025 ባወጣው ዘገባ በቦሌና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ሰዎች በግዳጅ ከቤታቸው መፈናቀላቸውን ገልጿል። እግረኛ መንገድ ተሠርቶ እግረኛው ከሰፈሩ ከተባረረ፣ መንገዱ የተሠራው ለጎብኚ ነው።

እኛስ? በዳንፎርዝ ምግብ ቤቶች ስለ አዲስ አበባ ፈረሳ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን፤ የምንኖርበት ከተማ ስለ መንገዳችን ሲመክር ግን በብዛት አንታይም። ከመካከላችን ታክሲ የሚነዱ አሉ፤ የመንገድ መዘጋት በቀጥታ ኪሳቸውን ይነካል። ጉልበት የከዳቸው እናቶችና አባቶችም አሉ። ይዘጋም አይዘጋም የሚሉ ሁሉ የሚሰሙበት ቦታ የከተማው ምክር ቤት ኮሚቴ ነው። ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። አስቀድሞ ስምን ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ የተለመደው የመናገሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው።