ስለ ሒሳብ ትምህርትና ስለ ዕዳው፤ ለሀገር ቤት ወገኖች የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ በሀገር ቤት ለምትገኙ ወገኖቼ፣ ይልቁንም ልጆቻችሁን ለከፍተኛ ትምህርት ለማብቃት ለምትደክሙ አባቶችና እናቶች፤ 

ከእናንተ በሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ ይኸውም በእንግሊዝ አገር ያደገ የወገን ልጅ ሒሳብ ተምሮ ሲመረቅ 50 ሺህ ፓውንድ የሚያህል ዕዳ ተሸክሞ የሚወጣ ከሆነ፣ ትምህርቱ ይህን ሁሉ ዕዳ የሚያስከፍል እንጀራ ያወጣለታልን የሚል ነው። ዕዳ በእኛ ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ቤትንና ርስትን የሚያስወስድ፣ ስምንም የሚያጎድፍ ነገር ሆኖ ስለ ኖረ፣ ይህን ቁጥር ሰምታችሁ ብትደነግጡ አይፈረድባችሁም። እኔ ግን ዕዳን ከብዛቱ ይልቅ በአከፋፈሉ ሥርዐት መመዘን ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ምክንያቴን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

በእንግሊዝ ለብዙ ዘመን መንግሥት ሲሸፍነው የኖረው የዩኒቨርሲቲ ክፍያ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ ሆኖ በተማሪው ላይ ከተጣለ ወዲህ፣ በ2012 ወደ 9,000፣ በ2025 ደግሞ ወደ 9,535 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ ይህም በ2025 ዋጋ በሦስት ዓመት 28,605 ፓውንድ ይሆናል፤ የምግቡና የመኝታው ብድር ሲታከልበት ወላጅን ወደሚያስደነግጠው ድምር ይደርሳል። ሆኖም አበዳሪው መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመረ ሰው፣ ገቢው በዓመት ከ25,000 ፓውንድ ካላለፈ ሰባራ ሳንቲም አይጠየቅም፤ ሲያልፍም የሚቆረጥበት ካለፈው ላይ ከመቶ ዘጠኝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ 30,000 የሚያገኝ በወር 37 ፓውንድ ተኩል፣ 45,000 የሚያገኝ ደግሞ 150 ፓውንድ ይከፍላል፤ የተበደረው ሃያ ሺህም ሆነ ስድሳ ሺህ የወሩ ክፍያ አይለወጥም። ሥራ ቢያጣ ክፍያው ይቆማል፤ የመክፈያው ጊዜ ከጀመረ 40 ዓመት ሲሞላ የቀረው ይሰረዛል፤ ቢሞትም ዕዳው ወደ ቤተሰቡ አይሻገርም። ሃይማኖታቸው ወለድን ለሚከለክላቸው ሙስሊም ወገኖቻችን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለእነርሱ የሚስማማ የገንዘብ ድጋፍ እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል መቆየቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

የሒሳብ ትምህርት ምንዳ ምን ያህል እንደ ሆነም የታወቀ ነው። ኢንስቲትዩት ፎር ፊስካል ስተዲስ የተባለው የለንደን የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሐተታ፣ የሕክምና፣ የሒሳብና የኢኮኖሚክስ ምሩቃን ከተመረቁ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያገኙት ገቢ ከአማካዩ ምሩቅ ቢያንስ ከመቶ 30 እንደሚበልጥ ገልጿል፤ ምክንያቱም የኢንሹራንስ ኩባንያው አደጋን ለመተመን፣ ባንኩ ገንዘቡን ለመጠበቅ፣ መንግሥትም ሕዝቡን ለመቁጠርና ለማቀድ ይህን ዕውቀት ይሻል። ነገር ግን ትርፉን ሁሉ ለዲግሪው መስጠት አይገባም፤ ወደ ሒሳብ የሚገባው ተማሪ አስቀድሞ በፈተና የበረታ ነውና፣ ከገቢው ከፊሉ በራሱ ሀብተ ልቡናና ትጋት የመጣ ነው። ያው ተቋም በ2020 ደግሞ ከአምስት ምሩቃን አንዱ ያህል ዩኒቨርሲቲ ባይገባ ኖሮ በገንዘብ ረገድ ይሻለው እንደ ነበር ገምቷል። ስለሆነም ሒሳብን የሚጠላውን ልጅ ለደመወዝ ብላችሁ አታስገድዱት፤ የሚወደውን ግን ዕዳን ፈርታችሁ አትከልክሉት።

ይህ ሁሉ የተነገረው እዚህ አገር መኖሪያ ስላለው ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሚመጣው ተማሪ የመንግሥቱን ብድር አያገኝም፤ የሚጠየቀውም ክፍያ እጅግ የበዛ ነው። ልጃችሁን ወደ ውጭ እልካለሁ የሚላችሁ ደላላ ግን ይህን ለይቶ አይነግራችሁም። ቤት አስይዛችሁ ወይም ከዘመድ በፓውንድ ተበድራችሁ ብትልኩት፣ ያ ዕዳ ልጁ ሥራ አገኘም አላገኘም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ገንዘብ የተበደረ ሰው ዕዳው በብር ሲቆጠር በጥቂት ሳምንታት እጥፍ ወደ መሆን እንደ ደረሰ ራሳችሁ አይታችኋል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ዕዳ ውስጥ አትግቡ። ሒሳብ ለድኻ ልጅ በሩን የሚከፍት ትምህርት ነውና፣ ልጁ የመጀመሪያ ዲግሪውን በሀገሩ ይያዝ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2003 በኬፕ ታውን የተመሠረተውና በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋልና በካሜሩን ማዕከሎች ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ለአፍሪካ ተማሪዎች ወጪያቸውን ችሎ የማስተርስ ትምህርት ስለሚሰጥ ወደዚያ ያመልክት፤ በአሜሪካም የሒሳብ ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ እያስተማረ ይማራል እንጂ ከፍሎ አይማርም።

በሀገራችንም በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 የተደነገገው የወጪ መጋራት፣ ምሩቁ ከወር ደመወዙ ቢያንስ ከመቶ አሥር እየከፈለ እንዲጨርስ የሚያደርግ ነውና፣ ሥርዐቱ ከእንግሊዙ እምብዛም አይርቅም። ልዩነቱ ከሚቆረጥበት ደመወዝ ላይ ነው። የሒሳብ መምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ለአስቤዛ የማይበቃ ሲሆን፣ ከመቶ አሥሩ ከአፍ የሚነጠቅ ጉርሻ ይሆናል፤ መጥቅዕንና አበቅቴን ቆጥረው በዓላትን በሚያወጡ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የከበረች አገር፣ ቁጥር የሚወድ ልጇ ከማስተማር ሲሸሽ ማየት ያስለቅሳል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የሒሳብ መምህርነት ሥልጠና ለሚገባ ምሩቅ ግብር የማይከፈልበት 28,000 ፓውንድ ሲሰጥ የነበረው፣ ይህ ምሩቅ ወደ ባንክና ወደ ኢንሹራንስ እንደሚሄድበት ስላወቀ ነው። በትምህርት ሚኒስቴርና በየክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥልጣን የተሰጣችሁ ወገኖቼ፣ በሒሳብ መምህርነት ለሚያገለግል ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን በአገልግሎቱ ከመቁጠር አልፋችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቤት ኪራዩን የሚችልለት ድጎማ እንድትቆርጡለት፣ ይህንንም ተማሪዎች የትምህርት ክፍላቸውን ከመምረጣቸው በፊት እንድታስታውቋቸው በትሕትና እለምናችኋለሁ።

አክባሪ ወገናችሁ፣
ከለንደን