መሳሳም ሲመጣ ሪሞት፣ ጭራቅ ሲመጣ ዝም

የዘንድሮ እንቁጣጣሽ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮውና ጨዋታው ላይ ቤት፣ ልጆቹ ቤዝመንት። እንደ ወጉ ሪሞቱ በትልቁ ልጅ እጅ ነው። የከፈተላቸውም በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራውን «ኢንቬደርስ ፍሮም ማርስ»ን ነው።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ? አንድ ልጅ ከቤታቸው ጀርባ የጠፈር መርከብ ሲያርፍ ያያል። ሊያጣራ የወጣው አባቱ ሲመለስ መልኩ ያው ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ሰው፤ ማጅራቱ ላይም ምልክት አለ። ቀጥሎ እናትየው። ልጁ ፖሊስ ጣቢያ ቢሮጥ፣ አዛዡም ተይዟል።

ከዚያ ማታ ወዲህ የአንድ ጓደኛዬ የስድስት ዓመት ልጅ አባቷ ሊያስተኛት ጎንበስ ባለ ቁጥር ኮሌታውን ገለጥ አድርጋ ማጅራቱን ታያለች። እሱ ይህን ሲያጫውተን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? እናንተ የማርስ ፍጡራኑ ልብስ ላይ ዚፑን እያያችሁ ትስቃላችሁ። እሷ ያየችው አባት ሲለወጥ ነው።

የእኛ ሰው ፊልም የሚመረምርበት መንገድ የታወቀ ነው። መሳሳም ሲመጣ ከሶፋው ዘለን ሪሞት እንነጥቃለን። የሰው ደረት ቢቀደድ ግን «ፊልም ነው፣ አይዞሽ» ነው። «ድሮ የተሠራ ጨዋ ፊልም ነው» ባዩም አለ። «ፒጂ ይላል እኮ» የሚለው ደግሞ፣ ፒጂ 13 የሚባለው ደረጃ የመጣው ገና በ1984 መሆኑን አልሰማም። ከዚያ በፊት ብዙ አስፈሪ ፊልም በፒጂ አልፏል፤ በ1978 የወጣው «ኢንቬዥን ኦቭ ዘ ቦዲ ስናቸርስ» የሰው ፊት ያለው ውሻ እያሳየ ፒጂ ነው የተባለው።

«እኛስ በጅብና በጭራቅ ተረት አይደል ያደግነው?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ግን ማን እየነገረን? ጭራቁ የሚመጣው አያታችን ጋቢ ውስጥ ተወሽቀን ነው። ስንፈራ ታውቃለች፤ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፣ ጅቡን ታጃጅለዋለች፣ ጀርባችንን እያሻሸች ታስተኛናለች። ፍርሃቱ ባለቤት ነበረው። ቴሌቪዥኑ ልጅ አለቀሰ ብሎ ታሪኩን አይለውጥም።

ልጆቻችን አማርኛ አይሰሙም፣ ከእኛ ጋር አይቀመጡም እያልን በየስብሰባው እናለቅሳለን። በሩን ዘግተን ወደ ታች የሰደድናቸው እኛው! ከአቦል እስከ በረካ የሚበቃ ጊዜ ያለው ሰው፣ አንዴ ወርዶ የተከፈተውን ፊልም ለማየት ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ለገና ስትሰበሰቡ ተራ አውጡ። አንድ አዋቂ ሳህኑን ይዞ ይውረድ፣ መሐላቸው ይቀመጥ፣ የፈራ ካለ ይዝጋው። የአገራችን ፖለቲካ እንደሆነ እሱ እስኪመለስ አይፈታም።