የባሕር ዳርቻ የዓለት ዓምዶችና የሀብሩ ገደሎች

በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ዳርቻ ብቻውን የቆመው ኦልድ ማን ኦፍ ሆይ 137 ሜትር ቁመት ያለው የዓለት ዓምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1750 ገደማ በተሠራ ካርታ ላይ ግን ይህ ዓምድ አይታይም፤ በቦታው ያለው ከደሴቲቱ ያልተለየ፣ ወደ ባሕር የገባ የብስ ነው። የዓምዱ ዕድሜ ከጥቂት መቶ ዓመታት እንደማያልፍ ሊታወቅ የቻለው የዳርቻው ቅርጽ አስቀድሞ ስለ ተመዘገበ ነው።

የእነዚህ ዓምዶች አፈጣጠር በመማሪያ መጻሕፍት የማዕበል ሥራ ሆኖ ይቀርባል። ማዕበሉ በስንጥቆች ገብቶ ዋሻ ይፈለፍላል፤ ዋሻው ቅስት ይሆናል፤ የቅስቱ ጣሪያ ሲደረመስ ዓምድ ይቀራል። ባሕር ለሌላት አገር ተማሪ ይህ ከሥዕል ያለፈ ትርጉም የሌለው ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የጉዳዩ ፍሬ ነገር ማዕበሉ ሳይሆን የገደሉ ማፈግፈግ ነው። ዓምዱ ገደሉ ቀድሞ የደረሰበትን ቦታ የሚያመለክት ቅሪት ነው።

ከወልድያ እስከ መርሳና ውርጌሳ የተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝም እንዲሁ የሚያፈገፍግ ገደል ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰው ባዛልት ንብርብሮች መካከል ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አመድና የጥንት አፈር ይገኛል። ለስላሳው ሲሸረሸር ጠንካራው ድጋፍ ያጣል። ልዩነቱም መዘንጋት የለበትም፤ ማዕበል ገደሉን ከግርጌው ሲቆርጥ፣ የክረምት ዝናብ ግን ከላይ በስንጥቆች ሰርጎ የሸክላ አፈሩን ከውስጥ ያዳክማል። መርሳና ውርጌሳ በመሬት መንሸራተት ጥናቶች ስማቸው የሚነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ውስን የምርምር በጀት ለገደል ልኬት ሳይሆን ለአፈርና ውኃ ጥበቃ መዋል አለበት የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም ሁለቱን ጉዳዮች መነጣጠሉ ስሕተት ነው። እርከን ጎርፍን ገትቶ ውኃን ወደ ምድር ያሰርጋል፤ ይህም በአብዛኛው ቁልቁለት ላይ በጎ ነው። ለመንሸራተት በተዘጋጀ የሸክላ ቁልቁለት ላይ ግን የሰረገው ውኃ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ግፊት ጨምሮ አደጋውን ሊያፋጥን ይችላል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ውኃን ከመያዝ ይልቅ በቦይ ማስወጣት ሊቀድም ይገባል። የትኛው ቁልቁለት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይለዩ እርከን መሥራት የገበሬውን ልፋት በገዛ ማሳው ላይ እንደ ማዞር ይቆጠራል።

መለየቱ ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከክረምት በፊትና በኋላ ከአንድ ቋሚ ነጥብ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በስንጥቆች ግራና ቀኝ ችካል ተክሎ ርቀቱን መለካት፣ የምንጮችን መፍለቅና መድረቅ መመዝገብ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ቀደሙ ናዳዎች የሚያስታውሱትን ማሰባሰብ ይቻላል። የአንድ የማስተርስ ጥናት ዘመን አጭር ስለሆነ መዝገቡ ከተማሪ ወደ ተማሪ መተላለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎች የክልሉ ተቋማት ያሉ የጂኦሎጂ፣ የጂኦግራፊና የተፈጥሮ ሀብት ክፍሎች አንድ የጋራ መዝገብ ሊይዙ ይገባል። መነሻ ልኬት ከሌለ የገደሉ ማፈግፈግ የሚታወቀው ናዳው ከወረደ በኋላ ብቻ ይሆናል።