«የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው»

እስቲ ያለፈውን ሳምንት መለስ ብላችሁ አስቡት። «የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው» ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ስንት ነው? ወንበር ላይ በርጩማ ደርባችሁ አምፖል አልቀየራችሁም? ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው ብላችሁ ቀበቶ ሳታስሩ መኪና አላስነሳችሁም? እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። ያውም ሌሎችን ስለ ጥንቃቄ እንድመክር ደመወዝ እየተከፈለኝ።

የምሠራው በአንድ የምህንድስና ድርጅት የማርኬቲንግ ክፍል ነው። ድርጅቱ ሠራተኞቹ የዕለት ተዕለት የጥንቃቄ ልማድ እንዲኖራቸው ፈለገና ቅስቀሳው ለእኛ ተሰጠ። እኔም የማውቀውን አደረግኩ። መፈክር ጻፍኩ፣ ፖስተር አሳተምኩ፣ ቲሸርት አሠራሁ። «ደህንነት ይቀድማል!» የሚለው ጽሑፍ ከቢሮው ኮሪደር እስከ ሳይቱ አጥር ድረስ ተለጠፈ። ከዚያም ለሪፖርት የሚሆን ፎቶ ላነሳ ወደ ደነባ ሄድኩ።

ደነባ ከደብረ ብርሃን በስተምዕራብ ያለች፣ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጥቁር አፈሩ ስንዴና ምስር የሚያበቅል አገር ነው። ባልደረቦቼ እዚያ የእህል መጋዘን የብረት መዋቅር እያቆሙ ነበር። እንደደረስኩ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ልምድ ያለው ብረት ሠራተኛ ነው። ልክ እኔ ካሳተምኩት ፖስተር ሥር ቆሞ፣ ያለ መነጽር፣ በግራይንደር ብረት ይቆርጣል። ፍንጣሪው ፊቱ ላይ ይረጫል። «መነጽርህስ?» አልኩት። ሳቅ ብሎ፣ «ተይ እንጂ እህቴ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው» አለኝ።

መነጽሩ የት እንዳለ ስጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። መነጽርና ጓንቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል። ለማውጣት ከሳይቱ ወዲያኛው ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊውን ፈልጎ፣ ፈርሞ መቀበል ያስፈልጋል። ለሁለት ደቂቃ ሥራ ማን ሃያ ደቂቃ ይሄዳል? ሰውዬው ግድ የለሽ አልነበረም። ጥንቃቄውን አስቸጋሪ ያደረግንበት እኛው ነን።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ወሩ ኅዳር ነው፤ የዚያን አገር የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሁለት ወጣት ሠራተኞች በተከራዩት ክፍል ውስጥ ማታ ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮቱን ዘግተው ተኝተዋል። ጭሱ እስኪያልቅ ውጭ አቆይተው ነው ያስገቡት፤ ስለዚህ ተጠንቅቀናል ብለው አምነዋል። ለቁርስ ሲቀሩ ጓደኛቸው ሄዶ በሩን ደበደበ። አንዱ እየተንገዳገደ ከፈተለት፤ ሌላው ከአልጋው መነሳት አቃተው። ወደ ጤና ጣቢያ ተወስደው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተረፉ።

ሳይት ላይ ሄልሜት የሚያደርጉ ልጆች ናቸው። ሊገድላቸው የነበረው ከሳይቱ ውጭ፣ በመኝታቸው ላይ ነው። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጭሱ ቢያልቅም እሱ አያልቅም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ አዲስ ፖስተር አላሳተምኩም። ከሳይት ኃላፊዎችና ከሠራተኞቹ ጋር ተቀምጠን አራት ነገር ተስማማን። መነጽርና ጓንት ከዕቃ ቤት ወጥቶ እያንዳንዱ ማሽን አጠገብ ይሰቀል። ኃላፊም ሆነ እንግዳ፣ ሳይት ሲገባ ሄልሜት መጀመሪያ እሱ ያድርግ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ለአምስት ደቂቃ አንድ ሠራተኛ፣ በየተራ፣ «ዛሬ እኛን ሊጎዳ የሚችለው ምንድን ነው?» የሚለውን ይመልስ፤ የማታው ማደሪያም ይነሳ። አደጋ አይቶ ሥራ ያስቆመ ደግሞ ይመስገን እንጂ አይገሠጽ።

ሕጉም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያሳውቅ ያዛል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ጉድለት ሲያይም እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ግዴታው የሁለቱም ነው።

«ጥንቃቄ ሥራ ያጓትታል» ለሚሉ አለቆች የአልኮአን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖል ኦኒል የዚህ የአሜሪካ አሉሚኒየም ኩባንያ መሪ ሲሆን፣ ለባለሀብቶች ባደረገው የመጀመሪያ ንግግር ከትርፍ አስቀድሞ ያነሳው የሠራተኞችን ደህንነት ነበር። ሰሚዎቹ ግራ ተጋቡ። እሱ በመራባቸው ዓመታት ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ ትርፉም አደገ።

በእኛ ሳይትም ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ሰሞን የጠዋቱ አምስት ደቂቃ የሳቅ ሰዓት ነበር። ከዚያ ከሰሉ ከተረፉት ወጣቶች አንዱ ተራው ደረሰና ያቺን ሌሊት ተረከ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ያ ብረት ሠራተኛም ዛሬ መነጽሩን ያደርጋል። «እጄ ሥር ስላለ ነው» ይላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሁሉ የእናንተም ቤት ጉዳይ ነው። ከሰል በተኛችሁበት ክፍል አታሳድሩ፤ ቤት ውስጥ ካስገባችሁም በርና መስኮት ክፈቱ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ። መሰላሉን ከቁም ሳጥን ጀርባ አውጡና እጅ የሚደርስበት ቦታ አቁሙት። ልጆቻችሁ «ቀበቶሽን እሰሪ» ሲሏችሁ አትቆጧቸው፤ አመስግኗቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ባለቤታችሁ፣ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ፋብሪካ ወይም ሳይት የሚውል ከሆነ ደግሞ ማታ ሲገባ «ሥራ እንዴት ነበር?» ካላችሁት በኋላ አንዲት ጥያቄ ጨምሩለት፦ «መነጽርህን አድርገህ ነበር?» ከእኔ ፖስተር ይልቅ የሚሰማው የእናንተን ድምፅ ነው። ለመጠየቅም ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።